የጋሽ ማሞ ዓይኖች

የሀጀር ታላቅ ወንድም ሰይድ ኦሎምፒያ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን፣ የሸማ ሱቅ ነበረው። አባታቸው ከኮምቦልቻ መጥተው ያቋቋሙት ሱቅ ነው። እሳቸው ሲያርፉ ሰይድ ተረከበው፤ ሀጀርም የንግድ ሥራ ኮሌጅ ጨርሳ ለአንድ ዓመት ያህል ማመልከቻ ይዛ ከተንከራተተች በኋላ ከወንድሟ ጋር ባንኮኒው ኋላ ቆመች።

በ1991 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰይድ ኢንተርኔት አስገባ። ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ሳቀበት። "ሰይድ ነጠላ በስልክ ሽቦ ሊልክ ነው!" እየተባለ ለአንድ ወር መቀለጃ ሆነ። እሱ ግን የሰማው ነገር ነበር። አብሮት የተማረ ጓደኛው ውጭ አገር ሆኖ ለሱቁ የምትሆን አንዲት ገጽ ሠራለት፤ የነጠላ ፎቶ አለባት፤ ከፎቶው ሥር ጽሑፍ፤ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ስንት ሰው እንደጎበኛት የምትቆጥር ትንሽ ቁጥር። የወደደ ሰው በኢሜይል ያዝዛል፣ ገንዘቡን በባንክ ይልካል፣ ነጠላው በፖስታ ይሄድለታል።

እንግሊዝኛውን የምትጽፈው ሀጀር ነበረች። የመጀመሪያው ጽሑፏ እንዲህ ይል ነበር፦ "በእጅ የተፈተለ፣ በእጅ የተሸመነ ንጹህ የጥጥ ነጠላ። ለስላሳና ቀላል ነው። ጥለቱ በሦስት ቀለም ይገኛል።" በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰው አዘዘ። ሰይድ አልተቆጣትም። ይህ ግን ሀጀርን ከቁጣ ይልቅ አሳፈራት፤ የስልኩ ሂሳብ በየወሩ ይመጣል፣ ገጿም የእሷ ሥራ ናት።

መፍትሔውን ያገኘችው ስታዲየም አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ የውጭ መጽሔቶች አንዱ ላይ ነው። መጽሔቱ ስለ ማስታወቂያ ሥራ የሚያወራ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፦ ስለ አንድ ዕቃ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ጻፍ፤ አንዱን በዚህ ሳምንት ሌላውን በሚቀጥለው አውጣ፤ የትኛው እንደሚሻል አትከራከር፤ ገዢው ራሱ ይፈርዳል። ሀጀር ይህን አንብባ እንቅልፍ አጣች። ሰው ምን እንደሚወድ መገመት ቀርቶ መለካት ይቻላል ማለት ነው! በማግስቱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛች። በየሰኞው ጠዋት ጽሑፉን ትቀይራለች፤ በየእሑዱ የጎብኚውን ቁጥርና የታዘዘውን ትመዘግባለች።

መጀመሪያ ትናንሽ ነገር ሞከረች። "ነጠላ" ከማለት "የትከሻ ልብስ" ማለት ትንሽ ተሻለ። "ለስላሳ" የሚለውን ማስቀደም ምንም አልለወጠም። ከዚያ አንድ ሰኞ ስለ ልብሱ መጻፉን ትታ ስለ ሠሪው ጻፈች።

ሠሪው ጋሽ ማሞ ነበሩ። ከገርጂ ገባ ብሎ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይተው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺአረግ ጋር የሚኖሩ የጋሞ ሰው ናቸው። እትዬ የሺአረግ ይፈትላሉ፤ ጋሽ ማሞ ከፊተኛው ክፍል ወለል ላይ በተቆፈረው ጉድጓድ እግራቸውን ከተው ይሸምናሉ። ለሰይድ ሱቅ የሚሠሩት ከነሰይድ አባት ዘመን ጀምሮ ነው። ያም ሆኖ ትልቁ እንጀራቸው የሰፈር ሰው ነበር፤ ልጁን የሚድር፣ ክርስትና የሚያነሳ፣ ፈትሉን አስፈትሎ በከረጢት ይዞ ይመጣና "ጋሽ ማሞ፣ እጅዎን ይባርክልኝ" ብሎ ሰጥቷቸው ይሄዳል። የጥለታቸው ጠርዝ እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ከቦሌ እስከ ኮተቤ የእሳቸውን እጅ የሚለይ እናት አይጠፋም ነበር።

ሀጀር ስለ እሳቸው የጻፈችው እውነቱን ነበር። በዘጠኝ ዓመታቸው ከአባታቸው እንደተማሩ፣ አንድ ነጠላ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሲሠሩ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚያንጎራጉሩ። በዚያ ሳምንት ሰባት ሰው አዘዘ። ሰይድ ደብተሩን አይቶ ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

"አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ" አላት። ከአባታቸው ሞት ወዲህ እንዲህ ሲያደንቃት የመጀመሪያው ነበር።

ዓይን የሚለው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሀጀር አንድ ማታ ነጠላ ለመረከብ ስትሄድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጋሽ ማሞ የተበጠሰ ክር ሊቀጥሉ በሻማ ሲታገሉ አገኘቻቸው።

"ልጄ፣ እስቲ አንቺ ያዥልኝ" አሏት። "ዓይኔ በሻማ ይቆጣኛል። የልጅ ዓይን ይሻላል።"

ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም። በሻማ የማይቆጣ የስልሳ ዓመት ዓይን የት ይገኛል? ሀጀር ግን ወደ ሱቅ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ሆና ዓረፍተ ነገሩን እያሰካካች ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ፣ ከታሪካቸው መጨረሻ ላይ፣ "አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው" የምትል መስመር ጨመረች። አሥራ አንድ ሰው አዘዘ።

ፎቶ ቤቱ ያነሳላት ሁለት ፎቶ ነበራት። በአንዱ ጋሽ ማሞ ካሜራውን ቀጥ ብለው አይተው ፈገግ ብለዋል። በሌላው ወደ ክሩ አቀርቅረዋል፤ ዓይናቸው የተከደነ ይመስላል። ሁለተኛውን አወጣች። አሥራ አራት።

ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ለወጠች። "እየደከመ" የነበረውን "እየጠፋ" አለችው። ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ጥቂት ቆይቷል፤ ያንን ኋላ ላይ በደንብ አስታውሳዋለች። ግን እኮ ሙከራ ነው፤ አንድ ሳምንት ብቻ ነው፤ ካልሠራ ይነሳል አለች ለራሷ። ሃያ ሦስት ሰው አዘዘ። አልተነሳም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሸማው ስለማይደርስ በሳምንት አንድ ሁለት ትዕዛዝ ብቻ ትቀበል ጀመር።

ሰይድ አንድ ቀን ጽሑፉን በተሰባበረ እንግሊዝኛው እየተንተባተበ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ አያት።

"ጋሽ ማሞ ይሄን ያውቃሉ?"

"እንግሊዝኛ አይችሉም" አለች ሀጀር።

"እሱን አልጠየቅኩሽም።"

"ማን ይነግራቸዋል ሰይድ? የሚያነበው እኮ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። እሳቸውም ሥራ በዝቶላቸዋል፤ ዋጋም ጨምረንላቸዋል። ማን ተጎዳ?"

ሰይድ አንገቱን አከከና በር ላይ ወደቆመ ደንበኛ ሄደ። እሱም ቢሆን ሃያ ሦስቱን ቁጥር አይቶታል።

ጥር ላይ አንዲት ፈረንጅ ለስብሰባ አዲስ አበባ መጣች። አትላስ አካባቢ ሆቴል ይዛ፣ ከገጹ ላይ ያተመችውን ወረቀት በእጇ አንጠልጥላ ሱቁ ድረስ በታክሲ መጣች። ኅዳር ላይ ሁለት ነጠላ የገዛች ሴት ናት። "ማሞን ማየት እፈልጋለሁ" አለች። ሀጀር ሰበብ ፈለገች። ታመዋል ልትል አሰበች፤ አገር ቤት ሄደዋል ልትል አሰበች። ሴትዮዋ ግን የለበሰችው ነጠላ የጋሽ ማሞን ነበር፤ ፊቷ ላይ ያለው ደግነት ደግሞ እምቢ የሚባል አልነበረም፤ ገርጂ ይዛት ሄደች።

ጋሽ ማሞ እንግዳ በማየታቸው ተደስተው ከጉድጓዱ ወጡ፤ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ጨበጧት። እትዬ የሺአረግ በርጩማ አቀረቡ። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ከዚያ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። የሚታጠፍ ነጭ ብረት ነበር፤ ሲዘረጋ ረጅም ዘንግ ይሆናል። ዓይነ ስውራን መንገድ የሚፈልጉበት ዘንግ።

ጋሽ ማሞ ዘረጉት፤ አጠፉት፤ እንደገና ዘረጉት። መገጣጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "ድንቅ ሥራ ነው" አሉ። "ድር መጠቅለያ ነው እንዴ? ቀጠነሳ!"

"ስጦታ ነው ጋሼ" አለች ሀጀር።

"ገባኝ። ለምን ይሆናል ነው የምልሽ?"

"ለመንገድ… ለመደገፊያ።"

"ምርኩዝ?" ሳቁ። "ገና ነኝ በያት! እግዜር ይስጥልኝ በያት፤ ግን ገና ነኝ።"

ሀጀር ወደ ሴትዮዋ ዞራ "በጣም አመስግነዋል" አለች በእንግሊዝኛ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ሞኝ አልነበረችም፤ ሽማግሌው ዘንጉን እንዴት አገላብጠው እንዳዩት አይታለች። ዝቅ ባለ ድምፅ "የሚያዩ ይመስላሉ እኮ" አለች።

ሀጀር እውነቱን መናገሪያዋ ያ ሰዓት ነበር። ሁሉም እዚያው ነበሩ፤ ጋሽ ማሞ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር። እሷ ግን "በቀን ብርሃን ጥቂት ጥቂት ያያሉ" አለች። ሴትዮዋም በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

የሆነው ሆኖ ነገሩ የተገለጠው በሴትዮዋ በኩል አልነበረም። ወይዘሮ ሚርያም የሚባሉ የቦሌ ሰው ልጃቸውን ሊድሩ ለሚያዝያ ቀን ቆርጠው፣ የሙሽራዋንም የእናቲቱንም ልብስ ለጋሽ ማሞ ሰጥተው ነበር። ውጭ አገር ያለው የሙሽራዋ ወንድም ለእህቱ ስጦታ ሲፈልግ ያችን ገጽ አገኛት። ፎቶውን ሲያይ ሰውየውን ለያቸው። ወዲያው ለእናቱ ደወለ፤ "እማ፣ ሸማኔሽ ዓይናቸው እየጠፋ ነው፤ ራሱ ሱቁ ጽፎታል። የሠርግ ልብስ ለእሳቸው ትሰጫለሽ?"

ወይዘሮ ሚርያም በማግስቱ ገርጂ ሄዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምክንያቱን ለመናገር ተሳቀቁ። ፈትሉ ለሌላ ጉዳይ ተፈልጎ ነው አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሠርጉ ሊዘገይ ነው አሉ። በመጨረሻ እትዬ የሺአረግ አጥብቀው ሲጠይቋቸው ልጃቸው የነገራቸውን አወጡት። ገና ያልተነካውን ፈትል በከረጢቱ እንዳለ ይዘው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ሌሎች ሰዎች መጥተው ፈትላቸውን ወሰዱ።

ጋሽ ማሞ ሱቅ የመጡት ሐሙስ ጠዋት ነበር። የታጠበ ጋቢ ለብሰዋል። ሰይድ ሊቀበላቸው ቢነሳ በእጃቸው ተቀመጥ አሉትና ሀጀር አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"እዚያ ማሽን ላይ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር አለ አሉ" አሉ። "አንብቢልኝ። በአማርኛ።"

ሀጀር ስልኩን አገናኘች። መስመሩ ተንጫጫ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ተንጫጫ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ፣ መጀመሪያ ሽበታቸው፣ ከዚያ ግንባራቸው፣ ከዚያ ያ የተከደነ የሚመስለው ዓይናቸው ወጣ። ጋሽ ማሞ ጎንበስ ብለው አዩት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ቀጥዪ።"

እየዘለለች ልታነብ ትችል ነበር። ሌላ ነገር ፈጥራ ልታነብም ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? ግን ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ነገር አላስቻላትም። ከመጀመሪያው አነበበች። ስለ አባታቸው ስታነብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ እንጉርጉሯቸው ስታነብ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። መጨረሻው ላይ ደረሰች።

"'ዓይናቸው… አሁን እየጠፋ ነው። ይህ ነጠላ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።'"

ሰይድ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

"እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩሽ?" አሉ ጋሽ ማሞ።

"አይደሉም ጋሼ። ያን ማታ በሻማ… ዓይኔ ይቆጣኛል ሲሉኝ…"

"ይቆጣኛል ነው ያልኩት።"

"መጀመሪያ እየደከመ ነው ብዬ ነበር የጻፍኩት" አለች ሀጀር። "ከዚያ ቃሉን ስለውጠው ብዙ ሰው ገዛ። ለማየት ብዬ ነበር፤ የትኛው እንደሚሻል። የመጨረሻው በለጠ።"

"በየትኛውም ጊዜ የላክሽው የእኔን ሸማ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ያንኑ ሸማ?"

"ያንኑ።"

ጋሽ ማሞ በረጅሙ ተነፈሱ። "እንግዲያ ሸማው ምን ጎደለው?" አሉ። መልስ የፈለጉ አይመስሉም ነበር። "ስልሳ ዓመት ስኖር ሰው እጄን አይቶ ነው የሚያምነኝ። አንቺ ዓይኔን ሸጥሽው።"

ተነሱ። ሀጀር እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት። "ተይ፣ ተይ። የሰው ልጅ አይደለሽ?" አሏት። ከዚያ ለሰይድ ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር።

በዚያኑ ቀን ገጿን አወረደቻት። አዲስ ጽሑፍ ጻፈች፤ ዓይን የሚል ቃል የሌለበት። ከዚያ ነጠላ ለገዙት ሁሉ ደብዳቤ ጻፈች፤ ለሰባ ስምንት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ። ዋሽቻችኋለሁ፣ ጋሽ ማሞ ዓይናቸው ደህና ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልብሱን መመለስ ለሚፈልግ ገንዘቡን እንመልሳለን። ሰይድ ይህን ሲያነብ ቀለሙ ተለዋወጠ፤ ግን ላኪው አላት። አብዛኛው ሰው መልስ አልጻፈም። አምስት ሰዎች ተቆጥተው ጻፉ። ነጭ ዘንጉን ያመጣችው ሴት ግን በአክብሮት መለሰችላት፦ "ክብራቸውን ለመጠበቅ ብለሽ እንዲህ እንደምትጽፊ ይገባኛል። እኔ ግን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ለእሳቸው ያለሽ ፍቅር ልቤን ነካው።" ሀጀር ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ መልስ ጻፈችላት፤ ሴትዮዋ ሁለቱንም ጊዜ አላመነቻትም።

ወይዘሮ ሚርያም ቤትም ሄደች። አስገቧት፤ ሻይ ቀረበላት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

"አመንኩሽ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ሚርያም። "ግን ፈትሉን ለሌላ ሰጥቼዋለሁ፤ ድሩ ተዘርግቷል። ደግሞ…" ትንሽ አመነቱ። "ሠርግ ነው። አንዴ ጥርጣሬ ከገባ፣ ልብሱ ደህና ሆኖ እንኳ ጉድለት ነው የሚፈለግበት። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።"

እውነታቸውን ነበር። ጋሽ ማሞ ሥራ አልጠፋባቸውም፤ የሚመጣው ሰው ግን ተለወጠ። ድሮ ልብሱን አጣጥፎ ጉያው የሚያስገባው ደንበኛ አሁን በር ላይ ወጥቶ ወደ ፀሐይ እያነሳ ያየዋል፤ የጥለቱን ጠርዝ በጣቱ ይከተላል። አንዳንዱ በጨዋታ አስመስሎ "ጋሽ ማሞ፣ ይህች ምን ቀለም ናት?" ይላቸዋል። እሳቸውም ይመልሳሉ። እትዬ የሺአረግ ይህን ለሀጀር የነገሯት ገበያ ላይ ተገናኝተው ነው፤ ሊከሷት አልነበረም፤ የሆዳቸውን የሚያወሩት ሰው አጥተው ነው።

"ማንጎራጎሩን ትቷል" አሉ። "ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ቤቱ ጭር አለብኝ።"

ለሰይድ ሱቅ ግን ከዚያ ሐሙስ በኋላ አንድም ነጠላ አልሰጡም። ሰይድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ማሞ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው፣ ይቅር ብያለሁ አሉ፤ ሸማውን ግን አልሰጡም። ሰይድም ሀጀርን አልወቀሳትም፤ አንዴ ብቻ፣ ሱቅ ሲዘጉ፣ "እኔም ጠይቄሽ ነበር፤ ግን አጥብቄ አልጠየቅኩሽም" አላት።

ክረምቱ ሳይገባ ጋሽ ማሞና እትዬ የሺአረግ አገራቸው ጨንቻ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ ሊሄዱ መሆኑን ሀጀር ሰማች። የሚሄዱበት ቀን በጠዋት ገርጂ ደረሰች። አይሱዙ በር ላይ ቆሟል። ቤቱ ባዶ ነበር፤ የወለሉ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይታያል፤ አከራዩ ሊደፍኑት አንድ ጆንያ አፈር አምጥተው አጠገቡ አስቀምጠዋል። ጋሽ ማሞ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው የሽመና ዕቃውን በየመልኩ እያሰሩ ነበር።

"እንደምን አደሩ ጋሼ" አለች።

"እግዜር ይመስገን። ደህና ነሽ?"

ብዙ የምትለው ነበራት፤ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው። አሁን ግን ቃል ራሱ አስፈራት። ቃል አሳምራ መደርደሩን ከማንም በላይ እንደምታውቅበት ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ጫማዋን አውልቃ፣ ሻንጣውን፣ ድስቱን፣ ፍራሹን ከእትዬ የሺአረግ ጋር መጫን ጀመረች። ጋሽ ማሞ አልከለከሏትም።

መጨረሻ ላይ የቀረው የሸምበቆና የእንጨት እስር ብቻ ነበር፤ ድሩ የሚያልፍበት ስሱ ዕቃ። ሀጀር እጇን ዘረጋች። ጋሽ ማሞ ጥቂት አመንትተው ሰጧት።

"ቀስ በይ፤ ይሄኛው ይሰበራል" አሉ።

እንደ ሕፃን አቅፋ ወሰደችው። ከመኪናው ጥግ፣ ፍራሹ ላይ፣ ምንም እንዳይነካው አድርጋ አስቀመጠችው፤ በገመድም አሰረችው። ዞር ስትል ጋሽ ማሞ ከኋላዋ መጥተው ቆመዋል። አልፈዋት መኪናው ላይ ወጡና፣ ያሰረችውን ፈትተው፣ እንደገና ራሳቸው አሰሩት።